ቀኝ ፍሬቻ

«አቦ፣ ይቺ መኪና ናት የሰርግ ድንኳን? ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ቆመህ ታብለጨልጫለህ!»

አቡዘር የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ታች ማየት አያስፈልገውም። ያያል እንጂ። ከከባድ መኪናው ግራ ጎማ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ተሸጉጣለች፤ በመስኮቷ ማይሙና ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ፀሐዩን በመዳፏ ከልላለች።

«ወደ ግራ ልገባ ነው ብዬ አሳውቄያለሁ» ይላታል። «የሚያስገባኝ ነው የጠፋው።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈህ? እዚህ አገር ፍሬቻ ያሳየ ሰው ምስጢሩን ለጠላት አስረከበ ማለት ነው። ዝም ብሎ መግባት ነው!»

እውነቷን ነው። ሰባት ሰዓት አልፏል፤ የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይጣደፋል። ከወደቡ ወደ ባልባላ የሚወጣው መንገድ በክላክስ ይንጫጫል፤ ከአቡዘር ሌላ ግን አንድም ፍሬቻ የሚያበራ የለም። በዚህ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ማን ወዴት እንደሚሮጥ ስለሚታወቅ፣ ምልክት ማሳየት ትርፍ ወሬ ነው።

ማይሙና ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የመኪና መብራት ትሸጣለች። ከድሬዳዋ ተድራ መጥታ፣ ባሏ ሲሞት ሱቁን ይዛ የቀረች ናት። አቡዘር በአራት ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ ጭነት ሊያነሳ በመጣ ቁጥር ከእሷ አንድ የፍሬቻ አምፖል ይገዛል። ከጋቢናው አልጋ ሥር ሰላሳ አንድ አምፖል ተቀምጧል፤ አንዱም የተቃጠለ ሊተካ አልተገዛም። ስልኳም አለው። ስልክ ላይ ግን «አሰላሙ ዓለይኩም» ካለ በኋላ የሚመጣለት ወሬ ስለ አምፖል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተምሯታል፤ የከባድ መኪና ሹፌሮችን ቋንቋ። ከኋላ ያለው መንገዱን ማየት ሲሳነው ከፊት ያለው ያይለታል። ከፊትሽ ያለው ግራ ፍሬቻ ካሳየሽ፣ የሚመጣ አለና አትለፊ። ቀኝ ካሳየሽ፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፊ። ያለፈም ሰው ግራ ቀኝ ብልጭ አድርጎ ያመሰግናል። ማይሙና ትምህርቱን ስትሰማ እንደ ልጅ ስቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባልባላ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ ከከባድ መኪና ኋላ መንዳት ትወዳለች።

«አቡዘር።» ድምጿ ዝቅ ይላል፤ እሱም ለመስማት አንገቱን በመስኮት ያወጣል። «አጎቴ ከድሬ መጥቶ አክስቴ ቤት ተቀምጧል። ለትዳር ሰው አምጥቶልኛል። ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏል። አሁን ለዚያው ነው የምሄደው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«የሩዝ ነጋዴ። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለቴም ስለ ሩዝ አወራኝ።»

አቡዘር ስለ ሰላሳ አንዱ አምፖል ያስባል።

«ምን ልበለው?» ትለዋለች።

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የቆመ መኪና መሪ ጠበቅ ተደርጎ ቢያዝም የትም አያደርስም። ከኋላ የሚኒባስ ሹፌር በሶማልኛ የሁለቱንም እናት ያነሳል።

«እንግዲህ... ደግ ሰው ከሆነማ...» ይላል አቡዘር። የቀረውን ክላክስ ይውጥለታል፤ ክላክሱን በልቡ ያመሰግናል።

ማይሙና ትኩር ብላ ታየዋለች። «አንተ እኮ ለመታጠፍ መቶ ሜትር ሲቀርህ ነው የምታሳውቀው» ትላለች። «ለመኪና።» ከዚያ መስኮቷን እየዘጋች፣ «በል ግባ፤ እኔ ላስገባህ።»

መኪናዋን ገታ ታደርጋለች። ከኋላዋ ያለው ከተማ ሁሉ ይጮህባታል፤ ንቅንቅ አትልም። ተሳቢው ጭራውን እስኪያስገባ ትጠብቅና ከኋላው ትሰለፋለች።

ከአደባባዩ ወዲያ መንገዱ ይለቃል። ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲጀምረው ስፖኪዮው ውስጥ ነጯ መኪና አለች።

«እምቢ በይው» ይላል አቡዘር ለባዶው ጋቢና።

ድምፁን ሲሰማ ይደነግጣል። እንደገና ይለዋል። «እምቢ በይውና... እኔ አለሁ።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል። ሦስተኛው ለሰው ጆሮ ሳይበቃ አይቀርም። ወደፊት በስተቀኝ ለከባድ መኪና የሚበቃ ሰፊ አሸዋማ ዳር ይታየዋል። እዚያ ጥግ ሊይዝ ይወስናል። እሷም ከኋላው ትቆማለች። ይወርዳል። ይነግራታል።

መቶ ሜትር ሲቀረው፣ እንደ ልማዱ፣ ቀኝ ፍሬቻውን ያበራል።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ስፖኪዮው ውስጥ ነጯ መኪና ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ መብራቱን ደግማ የምታነብ ትመስላለች። ከዚያ ወደ ግራ ትወጣና በጎኑ ታልፋለች። ወደ ላይ ቀና ብላ አታየውም። ፊቱ ከገባች በኋላ፣ እንዳስተማራት፣ ግራ ቀኝ ብልጭ ታደርጋለች።

አመሰገነችው።

ለጠየቀችው ጥያቄ «እለፊ» ብሎ መልስ እንደሰጣት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። እጁ ፍሬቻውን ወደ ግራ ይገለብጠዋል። አትለፊ። ክላክሱን ይጫናል፤ ዛሬ ግን ከተማው ሁሉ ክላክስ ነው። ዳገቱ ራስ ላይ ነጯ መኪና ወደ አክስቷ ሰፈር መታጠፊያ ስትቃረብ ቀኝ ፍሬቻዋን ታሳያለች፤ መቶ ሜትር ሲቀራት።

አቡዘር መንገዱ መሐል ቆሟል። ከኋላው የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው ቦቴ ግራ ፍሬቻውን አይቶ ይቆማል፤ ከቦቴው ኋላ ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ግራው ግን እየበራ ነው፤ ሁሉም አምነውት ይጠብቃሉ፤ ማንም አያልፍም።