ጓዳ የተከለከሉት ጎረቤት

ጋሽ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው በቀጥታ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ዘሪቱ ጓዳ ሊዘልቁ ሲሉ የበሩ ስክሪን አገዳቸው። የእትዬ ዘሪቱ ልጅ ሶስና ፕሮግራመር ናት፤ ትናንት የቤቱን ስክሪኖች ኮድ አድሳ፣ ዓይነቱ ያልተመዘገበ ሰው እንዳያስገቡ አድርጋለች።

«ዓይነትዎን ይምረጡ፦ ቤተሰብ፣ እንግዳ፣ ሠራተኛ።»

«ኧረ ጎረቤት ነኝ!»

«ያልታወቀ ዓይነት።»

ጋሽ ሽብሩ ግራ ገባቸው። ቤተሰብ እንዳይሉ ዘመድ አይደሉም፤ ሠራተኛ እንዳይሉ እዚህ ቤት ከመብላት ሌላ የሠሩት ሥራ የለም።

«እንግዳ ልባል እንግዲህ!»

ሳሎኑ ተከፈተላቸው፤ የጓዳው በር ግን ተቆለፈባቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

እትዬ ዘሪቱ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ክው አሉ።

«ሳሎን? ምነው ጋሽዬ፣ ምን አስቀየምኩዎት?»