የሠርቶ ማሳያው ቦሎቄ

ጎምዛዜ የግብርና ባለሙያውን በደለችው። ይህን ከሌላ አልሰማነውም፤ ራሱ ነው ላገኘው ሁሉ የነገረው። አንዲት ጓሮ ስትኮተኩት የኖረች፣ ምላሷ ሰባት ክንድ የሆነ ሴት፣ የተማረ ሰው በሰው ፊት አዋረደች። ጎምዛዜ ያሏትም እውነት ሲያመልጣት የሰሚውን ፊት ስለሚያስጨማድድ ነው።

በደሉ የጀመረው በስልጠናው የመጀመሪያ ቀን ነው።

ጧት ከዋናው ቢሮ የመጣ መኪና አንድ ጆንያ ምርጥ የነጭ ቦሎቄ ዘር አዳራሹ ውስጥ ጥሎ ሄደ። ባለሙያው ስልክ እያወራ ስለነበር ደረሰኙ ላይ ቀና ሳይል ፈረመ። የአዳራሹ ብቸኛ ወንበር ደግሞ እግሩ ወልቆ ተገኘ። ዘበኛው «የተማረ ሰው ቆሞ አይውልም» ብሎ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ብርድ ልብስ አልብሶ መቀመጫ አመቻቸለት።

ባለሙያው ተደላድሎ ተቀመጠ። «ቢሮዬ ያለው ወንበር እንኳን እንዲህ አይመችም» አለ።

ከዚያም ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር ሲገለብጡ ለኖሩ ሃያ ሰባት ሴቶች ስለ አፈር ማስተማር ጀመረ።

«አፈር ማለት» አለ፣ «ተክል የሚበቅልበት ነገር ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ከኋላ «ለካስ!» አለች።

«ዘሩ እስከ ሐሙስ ሠርቶ ማሳያው ላይ ተዘርቶ እንዲጠብቀኝ። የቀረች ከመስኖው የውሃ ተራ ትሰረዛለች።»

ጎምዛዜ እጇን አነሳች። «ጌታዬ፣ ዘሩን ግን...»

«ስለ ዘር አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ማን ሆኜ! ብቻ ዘሩ ካለበት...»

«ቁጭ በይ! ስናገር ማንም አያቋርጠኝም።»

ቁጭ አለች። እሱም መልሶ ቁጭ አለ። አሮጊት አማቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ተይው ልጄ፣ እንግዳ አይነካም፤ ባለበት ይሁን» አሏት።

ሐሙስ ደረሰ፤ ማሳው ተዘርቶ ተገኘ። ባለሙያው ሄዶ አላየውም፤ ጫማው አዲስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን በአዳራሹ መስኮት አሻግሮ ሲያይ ምድሩ አረንጓዴ ሆኗል። ወዲያው ለዋናው ቢሮ ጻፈ። የምርጥ ዘሩን ውጤት ጻፈ፣ የዘመናዊ ዘዴውን ጻፈ፣ የራሱን ድካምም ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ያረሙትንና ያጠጡትን ሴቶች ግን ገጹ አልበቃ ብሎት ተዋቸው።

ሦስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ እየመጣ፣ እዚያችው ቦታ ተቀምጦ አስተማረ። አንድ ቀን ከእግሩ ሥር ሁለት ነጭ የቦሎቄ ፍሬ አገኘ። በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረጋቸው።

«ይኸው! የቢሮውን ዘር በየኪሳችሁ! እዚህ ውስጥ አይጥ አለ፣ ባለ ሁለት እግር አይጥ!» ዓይኑን ጎምዛዜ ላይ ተከለ።

«አይጥስ አለ፣ ጌታዬ» አለች። «እግሩን ግን አልቆጠርኩትም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እሱም ይህን ከበደሏ መዝገብ ላይ ጨመረው።

ቦሎቄው ደረሰ። የዋናው ቢሮ ኃላፊ ከእንግዶች ጋር መጥታ ምርቱ ፊቷ እንዲመዘን ተወሰነ። ምርቱ ካማረ ባለሙያው ወደ ከተማ ይዛወራል፤ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ፣ ጭቃ የሌለበት። ከወዲሁ ከረባት ገዛ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ሲነጋ ግን ማሳው ባዶ ነበር። አንዲት ግንድ እንኳን ሳትቀር ተነቅሏል። ዘበኛው ምንም አላየሁም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደቆመ ነው ያነጋው። ከማሳው ጀምሮ ቀይ የቦሎቄ ፍሬ መንገዱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሄዶ የጎምዛዜ ግቢ ገባ። እሷም መች ተደበቀች! በር ላይ ቁጭ ብላ ወቅታ የጨረሰችውን ታበጥራለች።

«ሌባ!» አለ ባለሙያው፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ።

«እንደምን አደሩ» አለችው።

አዳራሹ ሞላ። ኃላፊዋ ፊት ለፊት ቆመች። ባለሙያው በደሉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘረዘረ። ማቋረጧን፣ አይጡን፣ ስርቆቱን።

«ዛሬውኑ ከውሃ ተራ ትሰረዝልኝ!»

ጓሮዋ ያለ ውሃ አሥር ቀን አይከርምም፤ ከጓሮዋ ሌላ ደግሞ እሷም አማቷም የሚበሉበት የላቸውም። አማቷ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አለች ጎምዛዜ ቀስ ብላ።

ኃላፊዋ ወደ እሷ ዞረች። «እናቴ፣ ቦሎቄውን የነቀሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ!» አለ ባለሙያው። ነገሩ አለቀ ብሎ ከረባቱን አስተካከለና እዚያችው መቀመጫው ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ከሥሩ የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ሃያ ስድስት ሴቶች አንድ ላይ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ጎምዛዜ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳችው።

«እንግዲያው በገዛ አፌ ልጨርሰው፤ የነቀልኩት ከቤቴ አውጥቼ የዘራሁትን ቀይ ቦሎቄዬን ነው፣ የእርስዎ ነጩ ግን አይጥ ከቀመሰችው በቀር የጆንያው ስፌትም ሳይፈታ እንዳለ ነው፤ እስቲ እንግዶቹ እንዲያዩት ትንሽ ብድግ ይበሉላቸው፣ ጌታዬ።»