ባል ፊት የሚያም ወገብ

የእናትየውን ወገብ የሚያማት ባሏ ቤት ሲገባ ብቻ ነበር።

ይህን የደረሰችበት ልጇ ናት። ልጅቷ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነች፤ ሥራዋም አደጋ ደረሰብን ከሚሉት መካከል እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት ነው። አንድ ጊዜ አንገቱን በፋሻ ጠቅልሎ የመጣን ሰው ከኋላው ድንገት ጠርታ፣ ዞር ሲል እጅ ከፍንጅ ይዛዋለች። ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች።

ነገሩ የጀመረው ቁምሳጥኑ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን የተዛወረ ዕለት ነው። አባትየው ባንድ ወገን፣ እናትና ልጅ በሌላው ወገን ይዘው ብድግ ሲያደርጉት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅ።

«እንጨቱ ነው፤ አርጅቷል» አለ አባትየው ላቡን እየጠረገ።

እናትየው ያን ቀን ትንፍሽ አላለችም። ወገቧ መሰበሩ ትዝ ያላት ከሳምንት በኋላ ነው። ነገሩ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ፋይሉን ያኔውኑ ትዘጋው ነበር።

ማስረጃ እንደሆነ ሞልቷል። እናትየው ብቻዋን ስትሆን ፍራሽ ታገላብጣለች፤ መጋረጃ ልታወርድ ወንበር ላይ ትወጣለች። የባሏ ኮቴ ደጅ ላይ ሲሰማ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ «ኧረ ወገቤን!» ትላለች። ኮቴውን ከሩቅ ነው የምትለየው፤ ሰውዬው ሰሞኑን እግሩን እየጎተተ ይሄዳል።

አባትየው ግን መልአክ ነው። አልጋው ይስፋት ብሎ ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳለ ያድራል። ጫማ ማሰሪያ ጊዜ ያጣ ይመስል በነጠላ ጫማ ይውላል። ሐሳቡ ሳያሳጥረው አልቀረም፣ ሱሪው መሬት ይጠርግ ጀምሯል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

«እማዬ፣ አባዬን እኮ ጨረስሽው» አለቻት ኩሽና ውስጥ።

«አውቃለሁ፤ እያለቀ ነው» አለች እናትየው ድስት እየፈተገች። «ለዚህ እኮ ነው ሐኪም ቤት እንሂድ የምለው።»

አባትየው ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ሾፌር ነው። ኪኒን ውጦ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ በሳጥን ከወጣ ወዲህ፣ ነጭ ጋዋን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

እናትየው መታመሟ አልበቃ ብሏት ሕክምናውንም መርጣለች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ታክማበት ድናለች፤ ጀርባ ሳይቀደድ፣ በመርፌ ብቻ፣ የተሰበረው አጥንት ውስጥ ሲሚንቶ ይሞላል።

«ሲሚንቶ?» ብሎ ሳቀ አባትየው። ሳቁን መሐል ላይ ቆርጦ ግድግዳ ያዘ። «እኔ በመኪና ስጭነው የኖርኩትን?»

«እሱን። ደግሞ አንተ ካልመጣህ አልሄድም።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«እጄን ትይዛለህ። አለዚያማ ለምን አገባሁህ?»

ሆስፒታል ሲደርሱ እናትየው «ሐኪሙን ብቻዬን ላነጋግረው» ብላ በሩን ዘጋች። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ፈገግ አለች። ይህችን ጨዋታ ታውቃታለች፤ አስመሳይ ሁሉ ከምርመራው በፊት ሐኪሙን ያባብላል።

ራጅ ክፍሉ በር ላይ ደግሞ ሌላ ቲያትር ተከፈተ።

«ማሽኑ ያስፈራኛል» አለች እናትየው። «መጀመሪያ እሱ ይተኛበትና ልየው።»

የራጅ ባለሙያው ወደ ሐኪሙ ዞረ። ሐኪሙ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ያን ሁሉ ገደል በተሳቢ የወረድኩ ሰውዬ ይሄን ልፍራ?» ብሎ አባትየው ወጣና ተኛ። ለመውረድ ግን ሁለት ሰው ደገፈው። ልጅቷ ይህን አላየችም፤ በእግር ጣቶቿ ቆማ በመስታወቱ የምታጮልቀውን «ወገበ ሰባራ» እናቷን በመታዘብ ላይ ነበረች። ቀጥሎ እናትየው ገባች፤ ገብታም ወዲያው ወጣች።

ሐኪሙ ሦስቱንም ቢሮው አስቀምጦ አንድ ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቀለ።

«ይሄን አጥንት እዩት» አለ። «የተረገጠ የክብሪት ቀፎ ነው የሚመስለው። ይሄን ተሸክሞ ቆሞ መሄድ በራሱ ጉድ ነው።»

ልጅቷ ፈገግታዋን የምታስቀምጥበት አጣች።

«ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ለዚህ ግን ይሆናል» ሲል ቀጠለ ሐኪሙ። «ቦታውን ብቻ አደንዝዘን በመርፌ እንገባለን። ትንሽ ፊኛ ነፍተን የተደፈጠጠውን ቀና እናደርገዋለን፤ ከዚያ ሲሚንቶውን እንሞላለን። ብዙ ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል።»

«ካልተደረገስ?» አለ አባትየው።

«ይሄኛው ሲጎብጥ ቀጣዩን ይጫነዋል። መጨረሻው አልጋ ላይ መቅረት ነው።»

ልጅቷ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። «እማዬ፣ አስመሰልሽ ብዬ... ይቅር በይኝ!» እናትየው ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል ራሷን ዳበሰቻት።

«ዛሬውኑ ይሠራላት» አለ አባትየው።

«እኔስ ፈራሁ» አለች እናትየው። «አንተ ብትሆን ትገባ ነበር?»

«እንዴት አልገባም!»

«አፍህ ነው። እስቲ ማል።»

«ልጄ ትሙት! ይቺው ልጄ ትሙት፣ እኔ ብሆን አሁኑኑ ነው የምገባው!»

የተማለባት ልጅ ቀና ብላ እንባዋን ጠረገች።

«ሰማኸው አይደል፣ የኔ ልጅ?» አለች እናትየው ወደ ሐኪሙ ዞራ። «በል እንግዲህ፣ ፎቶው የማን እንደሆነ ንገረው።»