እርጥቡ ፎጣ

ጡረተኛው የቧንቧ ሠራተኛ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ፣ እርጥብ ፎጣ አፍንጫው ላይ ይዞ ሳሎኑ ውስጥ ይንቆራጠጥ ነበር። አውሮፕላን ከኋላው የሚተወውን ነጭ መስመር «ኬምትሬይል» ነው የሚለው፤ ተን ነው ቢሉት፣ ሆን ብለው የሚረጩብን መርዝ ነው ብሎ ድርቅ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ አራት ሰዓት ሞላ!» አለች ሚስቱ ከግቢ። «ዛሬ እንኳ ውጣ! ልጅህ እኮ ናት የምታበርረው!»

«እሷ ምን ታድርግ፣ ነዳጁ ውስጥ መርዙን የሚጨምሩት ሌሎች ናቸው!»

ልጅቱ ትናንት ደውላ፣ «አባዬ፣ የመጀመሪያ በረራዬ በቤታችን ላይ ነው፤ ወጥተህ አውለብልብልኝ» ብላው ነበር። ሰማዩ በአውሮፕላን ድምፅ ሲያጉረመርም በሩን በርግዶ ወጣ። ፎጣውን ከአፍንጫው አንስቶ፣ ውሃው በክንዱ እየወረደ፣ ወደ ነጩ መስመር አውለበለበው።

«አየችህ ይሆን?» አለች ሚስቱ።

እሱ ግን ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን እንደያዘ ነበር።