የራዲዮው ሽቦ

የጣሊያኑ ሹም የመኪናው ራዲዮ ሿሿ እያለ አልሰማ ቢለው፣ ሽቦውን በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ አያ ወዳጆን አስያዛቸው። ከፍ ሲያደርጉት ድምፁ ይጠራል፤ ክንዳቸው ሲዝል ይጠፋል። የመሐል ሜዳ ገበያተኛ ቆሞ እንዲሰማ ታዟል። ራዲዮው በአማርኛ፣ በስቅላት የተቀጡ ሽፍቶችን ስም ይጠራ ጀመር።

«ዳኜ ወዳጆ...»

እንጨቱ ዝቅ አለ፤ ድምፁም ጠፋ። በመንዝ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነበር። የዳኜ መርዶ ግን በአባቱ እጅ መጣ።

አስተርጓሚው አቀረቀረ። «አያ ወዳጆ፣ ይበቃዎታል። ሌላ ሰው ይያዘው።»

«ተወኝ» አሉና እንጨቱን ከቀድሞው አብልጠው ከፍ አደረጉት። ታናሹ ልጃቸውም ዱር ነበረ፤ የስም ጥሪው ገና አላለቀም።