የአተላው ጭስ

«ጫኔ፣ በርሜሉን አውጣና ወስደህ ድፋው!» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረየሱስ፣ አፍንጫቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፍነው።

ዘበኛው ጫኔ ወደ ቤተ ሙከራው ገባ። የኬሚስትሪ መምህሯ የምሥራች ግን ቀድማው በርሜሉ ፊት ቆመች። በርሜሉ የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ እንዳይገባው በወፍራም የሱፍ ባና ተጠቅልሏል። ውስጡ ያለው ከእናቷ ጠላ ቤት የመጣ አተላ ነው። ከክዳኑ የወጣው ቱቦ በኖራ ውሃ አልፎ የጎማ ከመነዳሪ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ከመነዳሪው ተነፍቶ ነበር።

«አይደፋም» አለች።

«ነገ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ነው ወይስ ጠላ ቤት ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ጠላ ቤት ያሳደጋት መምህርት አለችን ይበሏቸው።»

ጫኔ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ። አቶ ገብረየሱስ አልሳቁም። «ተማሪዎቹ ‹የአተላዋ መምህርት› እያሉሽ ነው፤ ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ልጅ ሳለችም «የአተላዋ ልጅ» ይሏት ነበር። ያኔ ክፍል ከመግባቷ በፊት ቀሚሷን ደጋግማ ታሸት ነበር። አሁን ግን መስኮቶቹን ከፈተች፤ ከከመነዳሪው የወጣውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ቀና አድርጋ ክብሪት ጫረች።

ጧ! አለ። ጫኔ «በስመ አብ!» ብሎ ወደ በሩ ሸሸ።

«የታለ እሳቱ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«እጅዎን ጠጋ ያድርጉት።»

አስጠግተው ወዲያው ሰበሰቡት። ለብልቧቸዋል። «ምንም አይታይ! ጭስ እንኳ የለውም!»

«አለው እንጂ።» ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከቱቦው በላይ ደፍታ ያዘች። ብርጭቆው ውስጡን ጉም ለበሰ፤ ጉሙ ተጠራቅሞ ጠብታ ሆነ። «ጭሱ ይኸውልዎ። አተላው ሲብላላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሲነድ የሚተወው ውሃ ነው።»

የከመነዳሪውን አፍ ቆንጥጣ እሳቱን አጠፋች። አቶ ገብረየሱስ ብርጭቆውን ተቀብለው አገላበጡት።

«ቢሆንም ይሸታል» አሉ በመጨረሻ። «ለነገ አይሆንም።»

«እንግዲያው እንግዶቹም ያሽትቱት። ካስወጡት መልሼ አስገባዋለሁ። ከቆለፉብኝ ባንዲራው ሥር አቆመዋለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጫኔ ዞሩ። ጫኔ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አቶ ገብረየሱስ ብርጭቆውን እንደያዙ ወጡ።

የምሥራች ጠመኔ አነሳች። ባናውን ገለጥ አድርጋ በርሜሉ ላይ፣ ከበሩ ለሚገባ ሁሉ እንዲነበብ አድርጋ፣ በትልልቅ ፊደል የእናቷን ስም ጻፈች፦ ጥሩሸዋ።