አንድ መሰኪያ

የሴት ልጁ ስም ስልኩ ላይ በራ፤ ገና «ሄሎ» ሳይል ግን ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ሾፌሩ ባዶውን ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቀረ። «ከነሕመምህ መንዳቱ ይብቃህ» ብላው ከተኮራረፉ ወዲህ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነበር። የጭነት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፤ መካኒኩ ከነገ በፊት አይደርስም፤ ዙሪያውን እንኳን ሰው ጥላም አልነበረም። ጋቢናው ውስጥ ኢንሱሊኑን የያዘችው ትንሽ ፍሪጅ በተንቀሳቃሽ ባትሪ ትሠራለች። ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ የሚሠራው መሰኪያውም አንድ ብቻ ነው።

የፍሪጇን ክዳን ጫን አድርጎ ዘጋ። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ የፍሪጇን ገመድ ነቀለና ስልኩን ሰካ፤ እንደበራለትም ለልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ የት ነህ?» አለችው፤ መኪናው መበላሸቱን ነገራት።

«መድኃኒትህስ? ፍሪጁ ይሠራል?»

«እንዴታ! ስሚው» አለና ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ «እምምም...» አለ፤ ሳያቋርጥ፣ ትንፋሹ እስኪያጥረው ድረስ።



«አባዬ» አለች ልጅቷ፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየለትም፤ «ፍሪጁን አስም ያዘው እንዴ? በል አሁን ስልኩን ዝጋና እሱን ሰካ።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አላት።

ግን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም።